አምስት ፊርማ ያለበት ፎቶ

እኔ ሰው ቤት ሲገዛ አልቀናም። ሲያገባም፣ ልጁ ዩኒቨርሲቲ ሲገባለትም እንኳን ደስ ያለህ የምለው ከልቤ ነው፤ የሚያውቁኝ ይመሰክሩልኛል። የቀናሁት በአንድ ፎቶ ነው። ጥቁርና ነጭ ነው፣ የደብተር ገጽ ያክላል፣ አንድ ጥጉ ታጥፎ ተሰብሯል። ባለቤቱ የቅርብ ጓደኛዬ ነው። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል፤ እኔም ቤቱ በሄድኩ ቁጥር ጀርባዬን ለፎቶው ሰጥቼ የምቀመጥበትን ወንበር እመርጣለሁ።

ለንደን የመጣሁት ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ነው። አዲስ አበባ ሳለሁ የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ሥራዬ ደብዳቤ ላይ ቁጥር መስጠት፣ ፋይል ማሰር፣ ፊርማና ማኅተም መኖሩን ማረጋገጥ ነበር። አንድ ፊርማ የጎደለው ሰነድ ከመጣ፣ ያመጣው ሰው ሚኒስትርም ቢሆን እመልሰዋለሁ እያልኩ እፎክር ነበር። ሚኒስትር ግን አንድም ቀን መጥቶ አያውቅም።

እዚህ እንደመጣሁ ከሰው ጋር ያገናኘኝ ሰልፍ ነው። ፓርላማው ፊት ለፊት ተሰብስበን ድምፃችን እስኪዘጋ እንጮህ ነበር። ሰልፈኛው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ካሜራ ሲያይ ፊቱን በስካርፍ ይሸፍናል፤ ፎቶው ማን እጅ እንደሚገባ አይታወቅም፣ አገር ቤት እናት አለች፣ ወንድም አለ። ሌላኛው ካሜራ ሲያይ መፈክሩን ታቅፎ ወደ ፊት ይጋፋል፤ ፎቶውን ሎየር ለምንለው ጠበቃው ሰጥቶ ከጥገኝነት ማመልከቻው ጋር ያያይዘዋል። እኔ ሁለቱንም ሆኜ አውቃለሁ። አብዛኛውን ጊዜ እሸፈናለሁ፤ ሎየሬ ማስረጃ አነሰን ያለኝ ሳምንት ግን ተገልጬ መሀል ላይ እቆማለሁ። እንዲህ እየተሸፋፈንኩና እየተገለጥኩ ባለሁበት ወራት ነው ከሰበሰብኳቸው ፎቶዎች የመጀመሪያው እጄ የገባው።

ቅዳሜ ዕለት ዊልስደን ሃይ ሮድ ላይ ካለ ቻሪቲ ሾፕ የሚሉት የአሮጌ ዕቃ ሱቅ ገብቼ ለክረምት የሚሆን ኮት ስፈልግ፣ መደርደሪያው ሥር አሮጌ ፖስትካርዶች የሞሉበት ካርቶን አየሁ። መሀላቸው አንድ ፎቶ ነበር። አንድ ነጭ ሰውዬ ጊታሩን አንግቶ አፉን ከፍቶ ይዘፍናል፤ ከኋላው ለጥቁሮች እኩል መብት የሚሉ መፈክሮች ተደርድረዋል፤ ዝናብ ይዘንባል፣ ሰዉ ግን ይስቃል። ከታች በሰማያዊ ቀለም ፊርማ አለ። ሰውዬው ሰልፍ ወጥቷል፣ ሰልፍ ላይ ፎቶ ተነስቷል፣ ይባስ ብሎ ፎቶው ላይ ስሙን ጽፎ ለማያውቀው ሰው ሰጥቷል። በእኛ አገር ይህ የእምነት ቃልን በራስ ፈቃድ መፈረም ነው። ቆሜ ብዙ ጊዜ አየሁት። ኮቱን ትቼ ፎቶውን ገዛሁ፤ ያን ክረምት በረደኝ።

መጀመሪያ የቀናሁት እንግዲህ በሰልፋቸው ነው። እነሱ ጊታርና ባንጆ ይዘው፣ ሴቱ ወንዱ ተያይዞ እየዘፈነ ይሄዳል። እኛ ያለን ጉሮሮ ብቻ ነበር። ቀስ እያልኩ ነገሩን ማጥናት ጀመርኩ። ሰዎቹ ፈረንጆቹ ፎክ የሚሉትን የሕዝብ ዘፈን የሚዘፍኑ ናቸው፤ አሜሪካ ውስጥ ጥቁሮች ለመብታቸው ሲነሱ አብረው ወጥተዋል፣ እዚህ ለንደንም የድጋፍ ሰልፍ እየጠሩ ዘፍነዋል። ፎቶዎቻቸውም በየአሮጌ ዕቃ ሱቁ፣ በየሰዉ መሳቢያ ተበትነዋል። ፊርማው በፎቶው ላይ የታተመ ይሁን በእጅ የተጻፈ ለማወቅ ፎቶውን ወደ መስኮት ይዞ ማዘንበል እንደሚበቃ ተማርኩ። በእጅ የተጻፈው ከወረቀቱ ተለይቶ ያብረቀርቃል። የመዝገብ ቤት ሰው ስለሆንኩ ይህ አልከበደኝም።

በሕይወት ላሉት ደግሞ ደብዳቤ እጽፍ ነበር። ፎቶውን፣ ቴምብር የተለጠፈበት የመመለሻ ፖስታ ጨምሬ እልካለሁ። ደብዳቤዬ እንደ ማመልከቻ ነው፤ በሌላ መንገድ መጻፍ አላውቅም። ከላይ ጉዳዩ ፊርማ ስለመጠየቅ መሆኑን አሰፍራለሁ፣ ከዚያ ከላይ በርዕሱ እንደተጠቀሰው ብዬ እገባለሁ፣ መጨረሻ ላይ ለሚደረግልኝ ትብብር በቅድሚያ አመሰግናለሁ እላለሁ። ብዙዎቹ አልመለሱልኝም። የመንግሥት ደብዳቤ መስሏቸው ደንግጠው ይሆናል።

ጓደኛዬ ያኔ ሃርልስደን ውስጥ በጋራ በምንኖርበት ቤት ከእኔ ክፍል ቀጥሎ ያለውን ክፍል የያዘ ሰው ነበር። ከእኔ በኋላ ነው የመጣው። ጂፒ የሚሉት የሰፈር ሐኪም ጋ ያስመዘገብኩት እኔ ነኝ፣ ካውንስል ወደሚሉት ቀበሌያቸው የወሰድኩት እኔ ነኝ፣ የአውቶቡሱን መንገድ ያሳየሁት እኔ ነኝ። ፎቶዎቼን ሲያይ መጀመሪያ ስቆብኝ ነበር።

«ፈረንጅ ጊታር ይዞ የቆመበት ወረቀት ምን ያደርግልሃል?» አለኝ። «ለሎየርህ እንዳትሰጠው፣ አንተ የለህበትም።»

ይዤው መዞር የጀመርኩት እኔው ነኝ፤ ማንንም አልወቅስም። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ገበያዎቹ ወሰድኩት፣ ማዘንበሉን አስተማርኩት፣ የትኛው ፊርማ እንደሚጠረጠር ነገርኩት። ከዚያ ሚኒካብ የሚሉትን በስልክ የሚጠራ ታክሲ መንዳት ጀመረና አለቀልኝ። ሰውዬው ወሬኛ ነው። ረጅም ነው፣ ጥርሱ ያምራል፣ እንግሊዝኛው ከእኔ ባይሻልም የሚያፍርበት ነገር የለም። ተሳፋሪ ሽማግሌ ካገኘ በወጣትነትዎ ሰልፍ ወጥተው ያውቃሉ ወይ ብሎ ይጠይቃል። እኔ በሦስት ወር አንድ ደብዳቤ ተመልሶልኝ ስደሰት፣ እሱ አንዱን ሽማግሌ አየር ማረፊያ አድርሶ ሁለት የተፈረመበት ፎቶ ይዞ ይመጣል። ሰጡኝ ይለኛል። ሰጡኝ የምትለዋ ቃል ሆዴን ታቃጥለው ነበር።

አንድ ቀን ለእኔም ስልክ ተደወለ። ደብዳቤ ከጻፍኩላቸው አንዷ፣ ኬኒንግተን ውስጥ የሚኖሩ አሮጊት ዘፋኝ ናቸው። ማመልከቻዬን አንብበው እንደሳቁ፣ የላክሁት ፎቶ የእሳቸው ሳይሆን የሌላ ሴት መሆኑን፣ ግን የተሻለ ነገር እንዳላቸው ነግረውኝ እሁድ ከሰዓት በኋላ ሻይ እንድጠጣ ጋበዙኝ። የሌላ ሰው ፎቶ በመላኬ አፍሬ ላለመሄድ አስቤ ነበር። ሰው ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻን መሄድም ይከብዳል፤ ስለዚህ ጓደኛዬን አብረኸኝ ና አልኩት። ይህን ያልኩበትን አፌን ስንት ጊዜ ረግሜዋለሁ።

ከቤተ ክርስቲያን ወጥተን በእሱ መኪና ሄድን። ቤታቸው ከኦቫል ብዙ የማይርቅ የካውንስል ፍላት፣ ሁለተኛ ፎቅ ነው። ቀጭን፣ ነጭ ጸጉራቸውን እንደ ወንድ ያሳጠሩ፣ ዓይናቸው የሚስቅ ሴት ናቸው። ሻይ ቀዱልንና ኬክ በሳህን አቀረቡ። ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመስኩም ነበር። ሳህኑ ወደ እኔ ሲመጣ አይ አመሰግናለሁ፣ ጠግቤአለሁ አልኩ። ወዲያው አነሱትና ወደ ኩሽና መለሱት። ጓደኛዬ ከእኔ በፊት ስለቀረበለት ሁለት ቁራጭ አንስቶ ነበር። እዚያው ላይ መማር ነበረብኝ፤ አልተማርኩም።

ከዚያ ከመሳቢያ ውስጥ፣ በሁለት ካርቶን መሀል የተያዘ ፎቶ አወጡ። ስድስት ሰዎች አንድ ትልቅ ሕንፃ ደረጃ ላይ ቆመው ይዘፍናሉ። ሦስቱ ከአሜሪካ የመጡ ናቸው፣ ሁለቱ የእዚህ አገር ሰዎች፣ ከዳር ደግሞ ጊታሯ ከእሷ የሚተልቅ አንዲት ልጅ እግር አለች፤ እሳቸው ነበሩ። ከፊታቸው የሰልፈኛው ጭንቅላትና የመፈክሩ እንጨት ይታያል። ከታች ነጩ ጠርዝ ላይ አምስት ፊርማ ተደርድሯል። በዚያው ዓመት ዘፋኞቹን እየተከታተሉ፣ አንዱን መድረክ ጀርባ፣ አንዱን ባቡር ጣቢያ አግኝተው አንድ በአንድ ያስፈረሙት ነው። ወደ መስኮቱ ይዤ አዘነበልኩት። አምስቱም አብረቀረቁ። ከአምስቱ ሁለቱ ለዓመታት ስፈልጋቸው የነበሩ ናቸው። ስለ እያንዳንዱ ፊርማ ጠየቅኋቸው፤ ማን በምን ብዕር፣ የት፣ ምን እያለ እንደፈረመ ነገሩኝ። መርማሪ መስዬ ነበር።

ሴትዮዋ አዩኝና ልጅ እንደሌላቸው፣ የእህታቸው ልጅም አሮጌ ወረቀት ቤቷ እንዲገባ እንደማትፈልግ ነገሩኝ።

«ትወስደዋለህ?» አሉኝ።

እንዲህ ያለ ነገር ሲሰጡህ ወዲያው እጅህን የምትዘረጋ ከሆነ ምን ዓይነት ሰው ነህ? እናቴ ብታየኝ ምን ትለኛለች? «ኧረ አይገባም፣ ይህማ የእርስዎ ነው» አልኩ።

«እርግጠኛ ነህ?»

«በፍጹም፤ ከቤትዎ መውጣት የለበትም።»

በእኔ ቆጠራ ገና ሁለት ጊዜ ነው የጠየቁኝ። ሦስተኛው ላይ ነው ነገሩ የሚያልቀው፤ ሰጪው በሞቴ ይላል፣ ዕቃውን ደረትህ ላይ ይጭነዋል፣ አንተ እያጉረመረምክ ትቀበላለህ። ለዚያ ፊቴን እያዘጋጀሁ ነበር። እሳቸው ግን እሺ በሚል ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ ጓደኛዬ ዞሩ።

«አንተስ?»

«በጣም ደስ ይለኛል፤ አመሰግናለሁ» አለና ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ተቀበለ።

አለቀ። ከዚያ በኋላ ምን እንደተወራ አላስታውስም። ስንወጣ ፎቶውን የመኪናው የኋላ ወንበር ላይ አስተኝቶ ቀበቶ አሰረለት። ድልድዩን ስንሻገር ቅር አለህ እንዴ አለኝ። ኧረ ምን ቅር ይለኛል አልኩት። አልፈልግም ስትል ሰማሁ እኮ አለኝ። አዎ አልኩ። ሃርልስደን እስክንደርስ የመስኮቱን መስታወት እያየሁ ሄድኩ፤ እሱ ሬዲዮ ከፍቶ ያፏጭ ነበር።

እሱን ሌባ ማለት አይቻልም፤ ችግሬ ይህ ነበር። ቢሰርቀኝ ኖሮ እጣላው ነበር፣ ይቀለኝም ነበር። ወዲያው ትዳር ይዞ የራሱን ቤት ሲከራይ ፎቶውን ፍሬም አስገብቶ ሰቀለው። እንግዳ በመጣ ቁጥር እየጠቆመ፣ «ይህን ያገኘሁት በእሱ ነው፤ እኔ ምን አውቄ» ይላል። እንግዳው ዞሮ ሲያየኝ ፈገግ እላለሁ። ምስጋናው ከስድብ ይብስብኝ ነበር። አንድ ጊዜ ፎቶው ከመስኮቱ ትይዩ እንደተሰቀለና ከሰዓት በኋላ ፀሐይ እንደሚያርፍበት አየሁ። ፀሐይ ቀለም እንደሚበላ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። አፌን ዘጋሁ። ሻዬን እየጠጣሁ ብርሃኑ ፊርማዎቹ ላይ ሲሄድ አየሁ፣ ደስ አለኝም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ራሱ ኢንተርኔት ላይ አንብቦ ወደ ሌላው ግድግዳ አዛወረው። አንብቦ በማወቁም ቀናሁ።

የእኔን ፎቶዎች ማየት አስጠላኝ። ያ የመጀመሪያው፣ ኮት ያስቀረኝ ሰውዬ፣ ብቻውን ዝናብ ላይ የሚጮህ ምስኪን መስሎ ታየኝ። ክፍሌ ውስጥ ያሉትን አሥራ ስምንት ፎቶዎች ሁሉ አሰባስቤ አልጋ ሥር ከተትኳቸው።

ከገና በኋላ ብቻዬን ሴትዮዋ ዘንድ ሄድኩ። ለጓደኛዬ አልነገርኩትም። አበባ ይዤ ነበር፤ ልቤ ውስጥ ግን ሌላ ሐሳብ አለ። እውነቱን ብነግራቸው ወይ ሌላ ፎቶ ይሰጡኛል፣ ወይ ደግሞ ለጓደኛዬ ደውለው ተሳስቻለሁ ይሉታል ብዬ ነው። ይህን ስጽፍ ያሳፍረኛል፤ ያኔ ግን ፍትሕ የምጠይቅ መስሎኝ ነበር። ቁጭ ብዬ በእኛ አገር ሰው ሲሰጥህ እምቢ ማለት እንዳለብህ፣ ሰጪውም እንደሚያውቅ፣ ሁለት ጊዜ እምቢ ብዬ ሦስተኛውን ስጠብቅ እንደነበር አስረዳኋቸው። መጀመሪያ በጥሞና ሰሙኝ፣ ከዚያ ሳቁ፤ እስኪያነቡ ሳቁ።

«ምስኪን፤ እዚህ አገር ከመጣህ ስንት ነገር አምልጦሃል?» አሉኝ።

ኬኩን ነገርኳቸው። እንደገና ሳቁና ተነስተው ብስኩት አመጡ፣ እምቢ እንዳልል አስጠንቅቀው ሦስት ጊዜ አቀረቡልኝ። በላሁ። ስለ ፎቶው ግን ያሉኝ ያልጠበቅሁትን ነው።

«እሱ ፎቶ እኮ አላለቀም። እኔ አልፈረምኩበትም።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ በሐሳቤ ቆጠርኩ። ስድስት ሰው፣ አምስት ፊርማ። አንድ ፊርማ ጎድሏል ብዬ ፋይል ስመልስ የኖርኩ ሰው፣ ወረቀቱን መስኮት ድረስ ይዤ ሄጄ አዘንብዬ አይቼ፣ ማን እንደጎደለ አላየሁም። የጎደሉት ደግሞ ሻይ እየቀዱልኝ ነበር። የሌሎቹን ሲያሰባስቡ የራሳቸውን መፈረም አፍረው እንደነበር፣ በኋላም ፈርሚበት ያላቸው ሰው እንዳልነበረ ነገሩኝ። በቅሬታ አልተናገሩትም። ያን ዕለት ሁለት ሰዎች ቤታቸው መጥተን አንዳችንም አልጠየቅናቸውም።

እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው አሳዩኝ። ጣታቸው ይንቀጠቀጣል። ሐኪም እየባሰ እንደሚሄድ ነግሯቸዋል፤ ጊታር ካቆሙ ቆይተዋል።

«ጓደኛህ ፎቶውን ይዞ እንዲመጣ ንገረው» አሉኝ። «እጄ እሺ እያለኝ ሳለ ስሜ ከእነሱ ጋር እንዲሆን እፈልጋለሁ።»

«እነግረዋለሁ» አልኩ። በዚህ ጊዜ አንድ ጊዜ ተጠይቄ ነው እሺ ያልኩት።

አልነገርኩትም። ይህን በደንብ መናገር አለብኝ፤ ረስቼው አይደለም። ወደ ቤት ስመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ፎቶው ስድስት ፊርማ ሞልቶበት ታየኝ። ስድስት ሰው፣ ስድስት ፊርማ፤ እንዲህ ያለ ነገር የሚሰበስብ ሰው ሁሉ አይቶት የማያውቀው። እሱም የሚሰቀለው የጓደኛዬ ሳሎን ነው። የማሟላለት ደግሞ እኔ ነኝ። አንጀቴ እምቢ አለኝ።

የመጀመሪያው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አጸዱ ላይ አገኘሁት። ሺፍት አለኝ ብሎ ይቸኩል ነበር፤ በጥድፊያ የሚነገር ነገር አይደለም ብዬ ተውኩት። ሁለተኛው እሁድ እሱ ቀደመኝ። ዊልስደን ያለው ላይብረሪ ስለ ጥቁሮች ታሪክ ኤግዚቢሽን እያዘጋጀ እንደሆነ፣ ፎቶውንም ለአንድ ወር ሊያሳዩለት እንደፈለጉ፣ ሥሩ ላይ የእሱ ስም እንደሚጻፍ ነገረኝ።

«አንተም የአንተን አፕላይ አድርግ እንጂ፣ ፎርሙን እኔ አመጣልሃለሁ» አለኝ። ከልቡ ነበር። እንኳን ደስ ያለህ አልኩት፣ መልእክቱንም መልሼ ዋጥኩት። ኤግዚቢሽኑ ይለቅና እነግረዋለሁ አልኩ። ኤግዚቢሽኑ አለቀ። ዐቢይ ጾም ይለቅና አልኩ። ፋሲካም አለፈ።

በዚህ መሀል ሴትዮዋ አንድ ጊዜ ደወሉልኝ። መልእክቴ ደርሶ ይሆን አሉ። ድምፃቸው ቀጥኗል። ደርሷል፣ ግን ሥራ በዝቶበት ነው፣ በሚቀጥለው ወር ይመጣል አልኳቸው። እንዲህ ያለውን ውሸት ያለ ችግር የምናገር ሰው መሆኔን ያኔ ነው ያወቅሁት። በእኔ ምክንያት አይቸኩል፣ ግን ብዙም አይዘግይ አሉ። ስልኩን ዘግቼ ለጓደኛዬ ልደውል ቁጥሩን አወጣሁ፤ ከስሙ ጎን ላይብረሪው ውስጥ ከፎቶው አጠገብ ቆሞ የተነሳው ፎቶ አለ፣ ጥርሱን ብልጭ አድርጎ። ስልኩን ኪሴ ከተትኩት።

የሚቀጥለው ጥሪ የመጣው ከእህታቸው ልጅ ነው። ስልክ ቁጥሬን ከአክስቷ ስልክ አጠገብ ግድግዳ ላይ ተጽፎ አግኝታው ነው። አርፈዋል። ቀብሩ የት እንደሆነና ስንት ሰዓት እንደሆነ ነገረችኝ። ለጓደኛዬ ይህን ወዲያው ነገርኩት። መርዶ ማሳደር ነውር ነው።

ፎቶውን ይዞ መጣ። የወጣትነት መልካቸውን ሰው እንዲያይ ብሎ ነው፣ ከነፍሬሙ በጋቢ ጠቅልሎ። ሥነ ሥርዓቱ አጭር ነበር። ሣጥኑ ላይ ጊታራቸው ተቀምጧል፤ አንድ ሽማግሌ ተነስተው ያለ መሣሪያ ዘፈኑ፣ ሌሎቹም ያጅቧቸው ነበር። ከዚያ ጎን ካለው አዳራሽ ገብተን ሻይና ሳንድዊች ቀረበ። ጓደኛዬ ጋቢውን ገልጦ ፎቶውን ጠረጴዛ ላይ አቆመው። ሰው ተሰበሰበ፣ ሽማግሌዎቹ ጣታቸውን እየቀሰሩ ስም ጠሩ።

የእህታቸው ልጅ መጣች። ሃምሳዎቹ ውስጥ ያለች፣ ዓይኗ ያበጠ ሴት ናት። ፎቶውን አየችና እናንተ ናችሁ ማለት ነው አለች። ቦርሳዋን ከፍታ ቀጭን ጥቁር ብዕር አወጣች፣ ፎቶ ላይ ሳይፈስ የሚጽፍ ዓይነት።

«ይህን ለእናንተ ፎቶ ብላ ነው ያስገዛችኝ» አለች። «ስልኩ አጠገብ አስቀምጣው ነበር። እጇ እንዳይከዳት በየቀኑ በእርሳስ ወረቀት ላይ ስሟን ትለማመድ ነበር። ቤቷን ሳጸዳ ወረቀቱን በሙሉ አገኘሁት፤ ስሟ ብቻ ነው፣ ከላይ እስከ ታች። ለምን አልመጣችሁም?»

ጥያቄው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ማወቅ ፈልጋ ነው። ጓደኛዬ ብዕሩን አየ። ከዚያ ፎቶውን አየ፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት፣ እየቆጠረ ነው። ቆጥሮ ሲጨርስ እኔን አየኝ። እጄ ላይ የሳንድዊች ሳህን ነበር። ከእሱ ዓይን ሸሽቼ ሳህኑን አየሁ፤ ለእሱ ይህ በቂ መልስ ነበር።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አላት። «እሱ ደጋግሞ ነግሮኝ ነበር። ሥራ በዛብኝና ዛሬ ነገ ስል አመለጠኝ። በጣም አዝናለሁ።»

ክንዱን ያዝ አደረገችው። አክስቷ ቂም የሚይዙ ሰው እንዳልነበሩ ነገረችው፣ ብዕሩንም ሰጠችው። በሁለት እጁ ተቀብሎ የኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተው። ወደ ሌሎቹ እንግዶች ሄደች።

መኪናው ውስጥ እስኪጠይቀኝ ጠበቅሁ። የምመልሰውንም አዘጋጅቼ ነበር። ኬኒንግተንን አለፍን፣ ወንዙን ተሻገርን፤ ቤት ላድርስህ ወይስ ስቴሽኑ ጋ ትወርዳለህ ብሎ ብቻ ጠየቀኝ። ስቴሽኑ ይሻለኛል አልኩት። እስከ ዛሬ አንስቶት አያውቅም። ለሚስቱም አልነገራትም፤ ብታውቅ ኖሮ ምግብ ስታቀርብልኝ ፊቷ ላይ አየው ነበር። ፎቶው ተመልሶ ተሰቅሏል። እንግዳ ስለ ስድስተኛዋ ልጅ ከጠየቀ፣ ሳትፈርም አረፈች፣ እኔ ዘግይቼባት ነው ይላል፣ እኔው እዚያው ተቀምጬ።

ያን ዕለት አዳራሹ ውስጥ የተሰማኝን ለማንም አልተናገርኩም። ሴትዮዋ በእኔ ምክንያት ሳይፈርሙ ቀርተዋል፣ ጥፋቴን ሌላ ሰው ተሸክሞልኛል፣ ሐፍረት መቅደም ነበረበት። ሐፍረቱ የመጣው ማታ ነው። እዚያ ሳህኔን ይዤ ቆሜ ሳለሁ ግን፣ ጥፋቱ የእኔ ነው የሚለውን ቃል ሳያመነታ ለመናገር በመቻሉ ቀናሁበት።